«እንግሊዝ» ስንል ማንን ማለታችን ነው?

ከስኮትላንድ ዋና ከተማ ከኤድንብራ በባቡር ተመልሼ ማታ ለንደን ገባሁ። ሰፈሬ ካለች ሱቅ ወተትና ዳቦ አነሳሁና የሃያ ፓውንድ ኖት ሰጠሁ። ባለሱቁ ኖቱን ወደ መብራቱ አነሳው። ገልበጥ አድርጎ አየው። ከዚያ «ይሄ የኛ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ።

ኖቱ ፎርጅድ አልነበረም። ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ያተመው ነው። የንጉሡ ምስል የለበትም፤ ያለበት የደራሲው የዋልተር ስኮት ምስል ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሦስት ባንኮች የራሳቸውን ኖት ያትማሉ። ዋጋው ከለንደኑ ፓውንድ ጋር እኩል ነው። ባለሱቁ ጥሩ ሰው ነው። ከባንግላዴሽ የመጣ፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ጋር በስም የሚጠራራ። የማያውቀውን ወረቀት መቀበል ግን ፈራ፤ አልፈርድበትም። በካርድ ከፍዬ ወጣሁ። «የኛ» ያላት ቃል ግን እቤቴ ድረስ ተከትላኝ ገባች። የነማን ማለቱ ነው? የለንደን ሰዎች? የእንግላንድ? የብሪታንያ?

የተማርኩት ታሪክ ነው፤ የማስተምረውም ታሪክ ነው። እዚህ አገር መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። አዲስ አበባ ያሉ ወዳጆቼ ሲደውሉ ጥያቄያቸው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው። «እንግሊዞች ምን ነካቸው? ከአውሮፓ ለምን ወጡ? ስኮትላንድስ ለምን ልውጣ ትላለች?» መልሱን ሁልጊዜ የምጀምረው ከራሳችን ቃል ነው። በአማርኛ «እንግሊዝ» አገሩም ነው፣ ሕዝቡም ነው፣ መንግሥቱም ነው። ስኮትላንዱንም ዌልሱንም እንግሊዝ እንላለን። አንድ የስኮትላንድ፣ የግላስጎ ሰው «እናንተ እንግሊዞች» ቢባል ፊቱ ይለወጣል። ልክ ነው። እንግሊዝ አይደለማ።

ስለዚህ እዚህ ላይ «እንግላንድ» የምለው ከአራቱ አንዷን ነው። «ብሪታንያ» የምለው ደግሞ እንግላንድን፣ ስኮትላንድን፣ ዌልስንና ሰሜን አየርላንድን በአንድ የያዘውን መንግሥት ነው። ጥንቃቄ የሚወድ ሰው ሰሜን አየርላንድ በደሴቲቱ ላይ እንደሌለች፣ የመንግሥቱም ትክክለኛ ስም ዩናይትድ ኪንግደም እንደሆነ ያስታውሰኛል። እውነቱን ነው። ለአጠራር እንዲቀል ብዬ ነው። ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቤቱ እንዴት ተሠራ

ብሪታንያ የሚባል መንግሥት ከጥንት ጀምሮ አልነበረም። እንግላንድና ስኮትላንድ ለብዙ መቶ ዓመታት ሁለት ዙፋን ነበሩ፤ በየጊዜውም ይዋጉ ነበር። ዌልስ በጦር የተያዘችው በ1283 ነው። በእንግላንድ ሕግ ሥር ሙሉ በሙሉ የገባችው ደግሞ በሄንሪ 8ኛ ዘመን ነው። በ1603 የእንግላንዷ ንግሥት ኤልሳቤጥ ልጅ ሳትተካ ሞተች። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ ዙፋኗን ወረሰ። አንድ ንጉሥ ሁለት መንግሥት ያዘ ማለት ነው። ፓርላማዎቹ አንድ የሆኑት ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1707 ነው።

1707 ላይ ትንሽ ልቆይ። የዛሬው ጭቅጭቅ ሥሩ እዚያ ነው። ስኮትላንድ ወደ ውህደቱ የገባችው በጦር ሜዳ ተሸንፋ አይደለም፤ ተደራድራ ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ስኮትላንዶች ዳሪየን በሚባል ቦታ፣ ዛሬ ፓናማ በምንለው አገር፣ ቅኝ ግዛት ሊመሠርቱ ሞክረው ነበር። ያላቸውን ገንዘብ አዋጥተው ሰደዱ። በሽታ፣ ረሃብና ስፔን ተባብረው አጠፉት። ኪሳራው የትልልቆቹን ቤት አናጋ። የውህደቱ ስምምነት ሲመጣ ወደ 398 ሺህ ፓውንድ ተከፈላቸው፤ የእንግላንድ የንግድ በርም ተከፈተላቸው። በልዋጩ ፓርላማቸውን ሰጡ። ሕጋቸውን፣ ፍርድ ቤታቸውን፣ ቤተ ክርስቲያናቸውንና ትምህርት ቤታቸውን ግን ይዘው ቀሩ። የስኮትላንድ ሕግ ዛሬም ከለንደኑ ሕግ የተለየ ነው።

አየርላንድ በ1801 ገባች። ያ ጋብቻ ከጀመረበት ቀን ጀምሮ አላማረበትም። ከሕዝቡ የሚበዙት ካቶሊኮች ነበሩ። ካቶሊክ ለፓርላማ ተመርጦ እንዲቀመጥ የተፈቀደው በ1829 ነው። በ1845 ድንቹን በሽታ መታው፤ ረሃቡ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ጨረሰ፤ ሌላ ሚሊዮን ሰው ተሰደደ። በ1922 አብዛኛው አየርላንድ ከቤቱ ወጣ። በሰሜን በኩል ስድስት አውራጃዎች ቀሩ።

ይህን ሁሉ ባንዲራው ላይ ታገኙታላችሁ። ቀጥ ብሎ የቆመው ቀይ መስቀል የእንግላንድ ነው፤ የቅዱስ ጊዮርጊስ። በሰማያዊ ላይ በሰያፍ የተጋደመው ነጭ የስኮትላንዱ፣ የቅዱስ እንድርያስ። ነጩ ውስጥ የገባው ቀጭን ቀይ ሰያፍ የአየርላንዱ፣ የቅዱስ ፓትሪክ። ቀረብ ብላችሁ እዩት። ቀጭኑ ቀይ ከነጩ መሐል ላይ አልተቀመጠም፤ ወደ አንድ ጎን ገፋ ተደርጓል። የስኮትላንድ መስቀል እንዳይሸፈን ነው። የዌልስ ቀይ ዘንዶ የለበትም። ባንዲራው በ1606 መጀመሪያ ሲወጣ ዌልስ የእንግላንድ ቁራጭ ተደርጋ ትቆጠር ነበርና። አብዛኛው አየርላንድ ከወጣ መቶ ዓመት አለፈ፤ መስቀሉ ግን እስካሁን አልተነሳም።

ምን አስተሳሰራቸው

እነዚህን ሁሉ ሰዎች «ብሪቲሽ» በሚል አንድ ስም ያሰባሰባቸው ምንድን ነው? ፕሮቴስታንትነት አንዱ ነው። ከካቶሊኳ ፈረንሳይ ጋር በየጊዜው የተደረገው ጦርነት ሌላው ነው። ከሁሉም በላይ የሚመዝነው ግን፣ በእኔ ንባብ፣ ቅኝ ግዛት ነው። ሰውየው ቀዬው እያለ የእንግላንዱ ዮርክሻየር ወይም የስኮትላንዱ አበርዲን ሰው ነው። ባሕር ሲሻገር ብሪቲሽ ይሆናል። ደመወዙም ሹመቱም መሬቱም የሚገኘው በዚያ ስም ነበር።

ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በመቅደላ ነው። እኛ «እንግሊዝ መቅደላን ያዘ» ብለን ነው ያደግነው። እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። በ1868 ዘመቻውን የመሩት ጄኔራል ሮበርት ናፒየር የተወለዱት ኮሎምቦ ነው፤ የዛሬዋ ስሪላንካ። ጦሩ የተነሳው ከለንደን ሳይሆን ከቦምቤይ ነው። 13 ሺህ ገደማ ከሚሆኑት ወታደሮች የሚበዙት ሕንዶች ነበሩ። ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ የተራገፉት ዝሆኖች ሳይቀሩ ከሕንድ ነው የመጡት። እስረኞቹን ለማስፈታት የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ የመጣውና ራሱም የታሰረው ሆርሙዝድ ራሳም የሞሱል ልጅ ነው፤ የዛሬዋ ኢራቅ። ከታሰሩት ሚስዮናውያን አንዱ፣ ሄንሪ ስተርን፣ ጀርመን አገር ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ነው። ኤፕሪል 13 ቀን ጦሩ የአምባውን አጥር ጥሶ ሲገባ በጀግንነታቸው ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን ትልቁን ሜዳሊያ ያገኙት ጄምስ በርጊንና ማይክል ማግነር ናቸው። ሁለቱም የአየርላንድ ልጆች። አገራቸውን ረሃቡ ካራቆታት ገና ሃያ ዓመት ገደማ ነበር።

እንግዲህ ያን ቀን አምባው ላይ የወጣው ማን ነው? ለዐፄ ቴዎድሮስም ለሠራዊታቸውም መልሱ ልዩነት አላመጣም። መድፉ አንድ ነው፤ ዘረፋውም አንድ ነው። ለታሪክ ግን ልዩነት አለው። ያንን ሠራዊት ያሰባሰበው ደም አልነበረም። የንግሥት ስም፣ የደመወዝ መዝገብና የጋራ ጥቅም ነበር። ብሪቲሽነት በጉልበቱ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ነበር። ሞሱል ተወልዶ የንግሥቲቱ መልእክተኛ መሆን ይቻል ነበር።

ወረቀቱ ሲጠብ

ከዚያ ግዛቱ መፍረስ ጀመረ። ሕንድ በ1947 ነጻ ወጣች። በቀጣዩ ዓመት የለንደን ፓርላማ አንድ ትልቅ ሕግ አወጣ። ጃማይካ ኪንግስተን የተወለደው፣ ናይሮቢ የተወለደው፣ ሊቨርፑል የተወለደው ሁሉ አንድ ዓይነት ዜግነት ተሰጠው። በዚያው በ1948፣ ጁን 22 ቀን፣ ዊንድረሽ የተባለችው መርከብ ከካሪቢያን የመጡ ሰዎችን ቲልበሪ ወደብ ላይ አወረደች። ብዙ ሰው እነዚህን ሰዎች «ስደተኞች» ይላቸዋል። በሕግ ግን ከአንድ የግዛቱ ጫፍ ወደ ሌላው የተጓዙ ዜጎች ነበሩ።

ሰፊው በር ብዙ አልቆየም። በ1962 መጥበብ ጀመረ። በ1968 በኬንያ ይኖሩ የነበሩ፣ የብሪታንያ ፓስፖርት የያዙ የሕንድ ተወላጆች መምጣት ሲጀምሩ ፓርላማው በሦስት ቀን ሕግ አወጣ። አባትህ ወይም አያትህ እዚህ ካልተወለደ ፓስፖርቱ ብቻውን አያስገባህም የሚል ነው። ይህን ሕግ ለተማሪዎች ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይከብዳል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ዜግነት ከወረቀት ወደ ደም የተመለሰበት ጊዜ ነውና። የ1981ዱ ሕግ ደግሞ እዚህ መሬት ላይ መወለድ ብቻውን ዜጋ እንዳያደርግ ወሰነ።

የዚህ ሁሉ ዕዳ የመጣው በ2018 ነው። በልጅነታቸው በሕጋዊ መንገድ መጥተው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው፣ ግብር ከፍለው የኖሩ ሽማግሌዎች «ወረቀት አሳዩ» ተባሉ። እኛ ስደተኞች «ወረቀት» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ይረዳዋል። አንዳንዶቹ ሥራቸውን አጡ። አንዳንዶቹ ሕክምና ተከለከሉ። ወደማያውቁት አገር የተባረሩም አሉ። ሲገቡ የሞሉትን ካርድ መንግሥት ራሱ በ2010 አስወግዶት ነበር። ነገሩ ሲፈነዳ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሯ ለቀቁ፤ መንግሥትም ይቅርታ ጠየቀ።

እኔም በዚያው በር ነው የገባሁት። የዜግነት ፈተናው 24 ጥያቄ ነው፤ 45 ደቂቃ ይሰጣል፤ 18 ያገኘ ያልፋል። ከዚያ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ገብቼ፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ፎቶ ፊት ቆሜ ቃለ መሐላ ፈጸምኩ። አጠገቤ አንድ የናይጄሪያ አባትና አንዲት የብራዚል ነርስ ነበሩ። ነርሷ አለቀሰች። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ። ያን ቀን የሆንኩት ግን ብሪቲሽ ነው፤ እንግሊዝ አይደለም። የእንግላንድ ዜግነት የሚባል ወረቀት የለም። የስኮትላንድም የለም። ከውጭ የሚመጣ ሰው የሚገባበት በር ላይ የተጻፈው «ብሪቲሽ» ብቻ ነው። ሌላ ቀለም ያላቸው ሰዎች፣ እንግላንድ ውስጥ ተወልደው እንኳ፣ «እንግሊዝ ነኝ» ከማለት «ብሪቲሽ ነኝ» ማለት የሚቀናቸው ለዚህ ይመስለኛል። አንደኛው ስም ወረቀት ነው፤ ሌላኛው ደም መስሎ ይሰማል።

ድምፅ ያላት፣ ድምፅ የሌላት

በ1997 ስኮትላንድና ዌልስ የየራሳቸው ምክር ቤት ይኑራቸው ወይ ተብለው ተጠየቁ። ስኮትላንድ በሰፊ ድምፅ «አዎ» አለች። ዌልስ በጠባቡ፣ በ50.3 ከመቶ። በ1998 የቤልፋስቱ የሰላም ስምምነት ለሰሜን አየርላንድም ምክር ቤት ሰጠ። ያ ስምምነት አንድ የምወደው ነገር አለው። ሰሜን አየርላንድ የተወለደ ሰው አይሪሽ ነኝ፣ ብሪቲሽ ነኝ ወይም ሁለቱንም ነኝ ማለት ይችላል፤ ሁለቱንም ፓስፖርት መያዝ ይችላል። ሠላሳ ዓመት ሰው ሲገዳደልበት የኖረውን ጥያቄ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ እንዲመልስ ተወለት።

እንግላንድ ግን የራሷ ምክር ቤት የላትም። ከሕዝቡ አምስት እጅ አራቱ በላይ እሷ ዘንድ ነው የሚኖረው። በለንደኑ ፓርላማ ካሉት 650 ወንበሮች 543ቱ የእሷ ናቸው። ስለዚህ «ምን ጎደላት?» ይባላል። አንድ ምሳሌ ልስጥ። በጃንዋሪ 2004 የእንግላንድ ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ እስከ 3 ሺህ ፓውንድ እንዲከፍሉ የሚያደርገው ረቂቅ ለድምፅ ቀረበ። በ5 ድምፅ ብልጫ አለፈ። ያለ ስኮትላንድ እንደራሴዎች ድምፅ አያልፍም ነበር። የስኮትላንድ ተማሪ አገሩ ሲማር ይህ ክፍያ አይነካውም። የእንግላንድ ወላጅ «ልጄ እንዲከፍል ድምፅ የሰጠው፣ ልጆቹ የማይከፍሉት ሰው ነው» ቢል ምን ትሉታላችሁ? እኔ መልስ አጥቻለሁ። ይህን ቅሬታ እንደ ዘረኝነት የሚያዩ ጓደኞች አሉኝ። አልስማማም። ድምፅ የማጣት ቅሬታ ነው፤ ሰሚ ሲያጣ ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል።

ስኮትላንድ በሴፕቴምበር 2014 ህዝበ ውሳኔ አደረገች። 55.3 ከመቶው «እንቆይ»፣ 44.7ቱ «እንውጣ» አለ። ድምፅ ሊሰጥ ከሚችለው ሰው 84.6 ከመቶው ወጥቶ ሰጠ። ለእኔ ከውጤቱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ማን እንደመረጠ ነው። ለንደን የሚኖር፣ ሰባት ትውልዱ ስኮትላንድ የሆነ ሰው መምረጥ አልቻለም። ኤድንብራ የሚኖር ፖላንዳዊ ወይም ናይጄሪያዊ ግን መረጠ። መስፈርቱ መኖሪያ ነበር፤ ዘር አልነበረም። «ኔሽን» የሚለውን ቃል በአማርኛ «ብሔር» ብዬ ስተረጉም የምቸገረው ለዚህ ነው። ብሔር ስንል ደምና ቋንቋ ነው የሚታየን። እነሱ በዚያ ቀን የቆጠሩት አድራሻ ነው።

ነገሩ እኛም ዘንድ ይደርሳል። በ2020 የስኮትላንድ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ፣ ስደተኛውም ጭምር፣ ለኤድንብራው ምክር ቤት መምረጥ ይችላል። ግላስጎ ያለ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ፓስፖርት ሳይኖረው ድምፅ ይሰጣል። ለንደን ያለው የአክስቱ ልጅ ዜግነት እስኪያገኝ ለምንም ምርጫ ካርድ አይደርሰውም። በአንድ መንግሥት ሥር ያሉ ሁለት ሐበሾች ናቸው።

ከዚያ ብሬግዚት፣ ከአውሮፓ ኅብረት የመውጣቱ ህዝበ ውሳኔ፣ መጣ። ጁን 23 ቀን 2016። በጠቅላላ 51.9 ከመቶ «እንውጣ»፣ 48.1 «እንቆይ»። ከፋፍላችሁ ስታዩት ግን ሌላ ሥዕል ነው። እንግላንድ 53.4 እንውጣ አለች፤ ዌልስም 52.5። ስኮትላንድ 62 ከመቶ እንቆይ አለች፤ ሰሜን አየርላንድ 55.8። ሁለቱ መቆየት ፈልገው ወጡ። ከዚያ በኋላ ስኮትላንድ «እንደገና እንምረጥ» ስትል፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2022 ያለ ለንደን ፈቃድ አይቻልም አለ። በሰሜን አየርላንድና በቀሪው መንግሥት መካከል ለሸቀጥ የባሕር ላይ ፍተሻ መጣ። ብዙ ሰው ብሬግዚትን ስለ ኢኮኖሚ ወይም ስለ ስደተኛ ብቻ አድርጎ ያነበዋል። ሁለቱም አሉበት። እኔ ግን በውስጡ የእንግላንድን ጥያቄ እሰማለሁ። ሌሎቹ ሦስቱ «እኔ ማነኝ?» ብለው ጠይቀው የየራሳቸው ምክር ቤት አግኝተዋል። እንግላንድ ግን ድምፅዋን ለማሰማት ያገኘችው የምርጫ ሳጥን ያ ብቻ ነበር።

ሳጥኑ ውስጥ ምልክት ማድረግ

ማርች 21 ቀን 2021 የሕዝብ ቆጠራ ነበር። ማታ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ከፍተን ቁጭ አልን። «ብሔራዊ ማንነትህን እንዴት ትገልጸዋለህ?» ይላል። ከአንድ በላይ መምረጥ ይፈቀዳል። እኔ «ብሪቲሽ» ላይ ምልክት አደረግሁ፤ «ሌላ» የሚለው ላይም ኢትዮጵያዊ ብዬ ጻፍኩ። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ የነበረው ልጄ መጀመሪያ «ብሪቲሽ»፣ ከዚያ «እንግሊሽ»፣ ከዚያ ኢትዮጵያዊ አለች። ሦስቱንም። ምንም አላመነታችም።

ውጤቱ ሲወጣ ብዙዎችን አስደነገጠ። በ2011 በእንግላንድና በዌልስ 57.7 ከመቶው ሰው «እንግሊሽ ብቻ» ብሎ ነበር። በ2021 ይህ ወደ 14.9 ወረደ። «ብሪቲሽ ብቻ» ያለው ከ19.1 ወደ 54.8 ወጣ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሕዝቡ ማንነቱን ቀየረ ማለት ነው? አይደለም። እንግላንድ ውስጥ በታደለው ቅጽ ላይ በ2011 የመጀመሪያው ሳጥን «እንግሊሽ» ነበር፤ በ2021 «ብሪቲሽ» ወደ ላይ ወጣ። የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ለለውጡ አንዱ ምክንያት ይህ መሆኑን ተናግሯል። ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራለሁ። ለሚሊዮኖች ሁለቱ ስሞች በጣም ስለሚቀራረቡ እጃቸው መጀመሪያ ያገኘውን ይመርጣል። ስኮትላንድ ውስጥ እንዲህ አይሆንም። እዚያ በ2022ቱ ቆጠራ 65.5 ከመቶው «ስኮትላንዳዊ ብቻ» ብሏል።

የእንግላንድ ሰው በብሪቲሽና በእንግሊሽ መካከል ያለውን አጥር ለረጅም ጊዜ አላየውም። በ1966 እንግላንድ የዓለም ዋንጫን ዌምብሌይ ላይ ስትበላ ደጋፊው ያውለበልብ የነበረው የብሪታንያን ባንዲራ ነው። የዚያን ቀን ፎቶዎች እዩ። በ1996 የአውሮፓ ዋንጫ እዚያው ዌምብሌይ ሲመጣ ግን ስታዲየሙ በጊዮርጊስ መስቀል ተሞላ። በመሐል ምንም አዋጅ አልወጣም። ሰው ራሱ ነው ባንዲራውን የቀየረው።

በ2025 ደግሞ ይህ ነገር እቤቴ ገባ። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ነበር። ጁላይ መጨረሻ ላይ የእንግላንድ ሴቶች ቡድን ባዝል ላይ ስፔንን በፔናሊቲ አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ አነሳ። ልጄ ጉንጯ ላይ ቀዩን መስቀል ተቀብታ ከጓደኞቿ ጋር ስትጮህ አመሸች። ከአንድ ወር በኋላ፣ ኦገስት ውስጥ፣ በብዙ የእንግላንድ ከተሞች ሰዎች ያንኑ ባንዲራ በየመብራት ምሰሶው ላይ መስቀል ጀመሩ። ስደተኞች በሚያርፉባቸው ሆቴሎች ደጃፍ ሰልፍ የሚወጣበት ሰሞን ነበር። እኛ መንገድ ላይም ተሰቀለ።

ሦስታችን ከገበያ ስንመለስ እናቴ ቀና ብላ አየችው።

«የጊዮርጊስ ነው?» አለችኝ።

«አዎ እማዬ፣ የእነሱም ጠባቂ ነው።»

«እሰይ» አለችና አማተበች። አድዋ ላይ የዘመተውን የጊዮርጊስ ታቦት ማሰቧ ነው። የእኛ ሚያዝያ 23፣ የእነሱ ኤፕሪል 23 መሆኑንም ስነግራት በጣም ደስ አላት።

ልጄ ግን አንገቷን ደፍታ ቀድማን ሄዳ ነበር። እርምጃዋ ፈጥኗል። ማታ ለብቻዋ ጠየቅኋት። «ጁላይ ላይ የኔ ነበር» አለችኝ። «አሁን ማን እንደሰቀለው አላውቅም። ለኔ የሰቀለው ይሁን በኔ ላይ የሰቀለው ይሁን አላውቅም።»

ይህን ጥያቄ እኔ ልመልስላት አልችልም። ከሰቀሉት ሰዎች መካከል ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። አንደኛው እናቴ አውቶቡስ ስትሳፈር ሻንጣዋን የተሸከመላት ጎረቤቴ ነው። ለእሱ ባንዲራው ድምፅ ነው። ሲሰቅለው ልጄን እንዳላሰባት እርግጠኛ ነኝ። እሷን የሚያስፈራት ደግሞ በትክክል ይህ አለመታሰቧ ነው። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መያዝ ከባድ ነው። ግን ሁለቱም እውነት ነው።

እናቴ ልትመለስ ጥቂት ቀን ሲቀራት ዊንድዘር ወሰድናት። ልዑል ዓለማየሁን ካላየሁ አልሄድም ብላ ነበር። የቴዎድሮስ ልጅ ከመቅደላ ሲወሰድ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ገና መንገድ ላይ እያሉ አረፉ። እሱ እዚህ አገር ተማረ፤ በ18 ዓመቱ በ1879 ሊድስ ውስጥ በሕመም ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ባለው ቤተ መቅደስ እንዲቀበር አዘዘች። ንግሥት ኤልሳቤጥ 2ኛ ያረፈችበትም እሱ ነው። በ2023 ቤተሰቦቹ አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ሲጠይቁ ቤተ መንግሥቱ የሌሎቹን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። የቤተ መቅደሱ ስም ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ራሷ ላይ አደረገች።

ለመታሰቢያው የተሠራ የነሐስ ጽሑፍ አለ። ልጄ እንግሊዝኛውን አነበበችና ለአያቷ ልትተረጉም ሞከረች። አንዷ ቃል ላይ ተሰናከለች። «ሰው የማያውቀው ሰው… ባዕድ… እንዴት ነው የሚባለው?» ብላ ወደኔ ዞረች። እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ጥቅሱን ከማቴዎስ ወንጌል ታውቀዋለች። ዝግ ባለ ድምፅ ጨረሰችው፦ «እንግዳ ሆኜ ተቀብላችሁኛልና።»

ልጄ ነሐሱን እንደገና አየችው። «እማማ፣ እንግዳ እኮ ቤት የሚመጣው ነው» አለች። «ቡና የምናፈላለት።»

«እሱም እንግዳ ነው፣ ይሄም እንግዳ ነው» አለቻት እናቴ። ነጠላዋን አስተካክላ ጽሑፉ ፊት ቆመች። ዘበኛው ሊዘጋ ነው ብሎ እስኪመጣ ድረስ ከዚያ አልተንቀሳቀሰችም።